የመጠጥ ውሃ ጠባቂው ማስታወሻ፦ ሚጌል ዴል ቶራልና የፍሊንት ከተማ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሚኒስትር ወይም ከንቲባ አልነበሩም፤ ከተማን የማዘዝም ሆነ የመቅጣት ሥልጣን በእጃቸው አልነበረም። ሥራቸው በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቺካጎ ቀጣና ጽሕፈት ቤት ውስጥ የመጠጥ ውሃ ደንቦች በትክክል መፈጸማቸውን መከታተል ነበር። ስማቸው ሚጌል ዴል ቶራል ይባላል። እኒህ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2015 ለክፍል ኃላፊያቸው አንድ ጊዜያዊ ሪፖርት በማስታወሻ መልክ ጻፉ። ማስታወሻው የሚሺጋን ግዛት ከተማ በሆነችው በፍሊንት የቧንቧ ውሃ ውስጥ እርሳስ፣ ማለትም ሊድ የሚባለው ከባድ ብረት፣ በአደገኛ መጠን መገኘቱን የሚያስረዳ ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ፍሊንት ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን በበደለኞቹ ላይ ነው፤ ማን ዋሸ፣ ማን ዝም አለ፣ ማን ተከሰሰ በሚለው ላይ። እኔ በሌላው ወገን ማተኮር የመረጥሁት ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ በየከተማው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ወይም በየወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ስለምትመደቡ ነው። የሚደርሳችሁ ወንበር የከንቲባው ሳይሆን የአቶ ዴል ቶራል ዓይነት ወንበር ነው። ሰውየውን እናክብር ካልን ደግሞ በትክክል ምን እንደሠሩ ማወቁ ይቀድማል።

ፍሊንት የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በ1908 የተመሠረተባት ከተማ ናት። የመኪና ፋብሪካዎቿ እየተዘጉ ሲሄዱ ሕዝቧም ገቢዋም መነመነ፤ በ2014 የነዋሪዎቿ ቁጥር ወደ 100,000 ገደማ ወርዶ ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጡትም ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከተማዋ በዕዳ በመዘፈቋ የግዛቱ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳዳሪ ሾመባት፤ የተመረጡት ከንቲባና ምክር ቤት በዋና ዋና ጉዳዮች ላይ የመወሰን ሥልጣናቸው ተወሰደ። ለአሥርታት ያህል ፍሊንት ከሂዩሮን ሐይቅ የተቀዳና ዴትሮይት ያጣራችው ውሃ እየገዛች ትጠጣ ነበር። ወጪ ለመቀነስ ሲባል፣ አዲስ የተቀየሰው መስመር እስኪጠናቀቅ ድረስ ከፍሊንት ወንዝ እየጠለፈች በራሷ አሮጌ ማጣሪያ ጣቢያ እንድታጣራ ተወሰነ። ለውጡ የተፈጸመው ኤፕሪል 25 ቀን 2014 ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ኬሚስትሪ ልጨምር፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ታገሡኝ። በአሮጌ የአሜሪካ ከተሞች ከመንገዱ ዋና መስመር ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚገባው ቀጭን ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ከእርሳስ የተሠራ ነው። አዲስ የእርሳስ ቧንቧ መቅበር በአገር አቀፍ ሕግ የተከለከለው በ1986 ነው። የተቀበሩት ግን ባሉበት ቀሩ። እርሳሱ ወደ ውሃው እንዳይገባ የሚደረገው ቧንቧውን በመቆፈር ሳይሆን ውሃውን በማከም ነው። ዴትሮይት ወደ ውሃዋ ኦርቶፎስፌት የሚባል ውህድ ትጨምር ነበር፤ ይህ ውህድ ከጊዜ ብዛት በቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ውሃውና ብረቱ በቀጥታ አይገናኙም። የወንዙ ውሃ ዝገት አምጪ የሆነው ክሎራይድ የበዛበት ነበር። ፍሊንት ወደዚህ ውሃ ስትዞር የዝገት መከላከያውን አቋረጠች። ለብዙ ዓመታት የተገነባው ሽፋን መፈራረስ ጀመረ፤ እርሳሱም ወደ ብርጭቆው መጣ። የብረት ቧንቧዎቹም ስለዛጉ ዝገቱ ውሃውን የሚያጸዳውን ክሎሪን ይበላው ጀመር።

ምልክቱ ፈጥኖ ታየ። ነዋሪዎች ስለ ውሃው ቀለምና ሽታ፣ ስለ ሽፍታና ስለ ፀጉር መርገፍ አቤቱታ አሰሙ። በ2014 ክረምት በውሃው ውስጥ ባክቴሪያ በመገኘቱ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል ማስታወቂያ ከአንድ ጊዜ በላይ ወጣ። በኦክቶበር 2014 ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ የሞተር ፋብሪካ ውሃው የሞተር ክፍሎችን ስለሚያዝግብኝ አልጠቀምበትም ብሎ ከከተማው መስመር ወጣ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ አንድ ጸጥታ ይሰፍናል። ለብረት ያልተስማማው ውሃ ለሕፃናት መቅረቡ ቀጠለ።

ወይዘሮ ሊአን ዋልተርስ የተባሉ የልጆች እናት በፌብሩዋሪ 2015 ከቤታቸው የተወሰደ ናሙና በሊትር 104 ማይክሮግራም እርሳስ እንዳለበት ተነገራቸው። ደንቡ እርምጃ ይወሰድ የሚልበት መጠን 15 ማይክሮግራም ነው። በማርች የተወሰደው ናሙና 397 ሆነ። ወይዘሮዋ ወደ ኤጀንሲው የቺካጎ ቀጣና አቤት አሉ፤ ጉዳዩም አቶ ዴል ቶራል ዘንድ ደረሰ።

እርሳቸው በመጀመሪያ ያደረጉት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ከተማዋ የምትጠቀመው የዝገት መከላከያ ምንድን ነው? ጥያቄው የቀረበው ለግዛቱ የአካባቢ ጥራት መምሪያ ነበር። መምሪያው በፌብሩዋሪ 27 ከተማዋ የተሟላ የዝገት መከላከያ መርሐ ግብር አላት ሲል መለሰ። ብዙ ሠራተኛ እንዲህ ያለ መልስ ሲደርሰው ፋይሉን ይዘጋል፤ የበላይ አካል በጽሑፍ አረጋግጦለታልና ተጠያቂነት የለበትም። አቶ ዴል ቶራል ግን አልዘጉም። የዝገት መከላከያ ያለው ውሃ እንዲህ ያለ ቁጥር አያወጣምና ከቁጥሩና ከመልሱ አንዱ ስሕተት መሆን ነበረበት። ጥያቄው እንደገና ተነሣ። በኤፕሪል 24፣ ማለትም ውሃው ከተቀየረ አንድ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ መምሪያው ሁለተኛ መልስ ሰጠ፤ ፍሊንት የዝገት መከላከያ አትጠቀምም። በሁለቱ መልሶች መካከል ሁለት ወር ገደማ አለ። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ጀግንነት የሚለውን ቃል የማውለው እዚህች ላይ ነው፤ አንድን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ ይህ መልስ አይሆንም ብሎ መልሶ መጠየቅ።

አቶ ዴል ቶራል ወደ ቤቱም ሄዱ። ለምን መሄድ እንዳስፈለጋቸው ለመረዳት ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ ማወቅ ይገባል። በ1991 የወጣው የእርሳስና የመዳብ ደንብ ውሃው ቢያንስ ለስድስት ሰዓት በቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ካደረ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ሊትር እንዲለካ ያዛል። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ሊትር ያደረው በማብሰያ ቤቱ የውሃ መክፈቻና በግድግዳው ውስጥ ባለው ቧንቧ ነው። በግቢው ሥር በተቀበረው የእርሳስ ቧንቧ ውስጥ ያደረው ውሃ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ በአራተኛው፣ በአምስተኛው፣ በስድስተኛው ሊትር ነው። አቶ ዴል ቶራል ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2011 በቺካጎ ከሠላሳ በላይ በሆኑ ቤቶች እንዲህ ተከታታይ ሊትሮችን እየለኩ ያካሄዱት ጥናት በ2013 ታትሟል። ግኝቱ አጭር ነበር፤ ሕጋዊው ናሙና ከፍተኛውን እርሳስ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ስለዚህ ወደ ፍሊንት የሄዱት የት መፈለግ እንዳለባቸው አስቀድመው ያወቁ ሰው ነበሩ።

በወይዘሮ ዋልተርስ ቤት የውስጥ ቧንቧው ፕላስቲክ ሆኖ አገኙት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለሥልጣናት እርሳሱ የመጣው ከቤቱ የራሱ ቧንቧ ነው ማለት ይወዳሉ፤ ፕላስቲክ ግን እርሳስ አያወጣም። ምንጩ ከውጭ የሚገባው መስመር ነበር። በኤፕሪል መጨረሻ ከዚያ ቤት ከሠላሳ በላይ ናሙናዎች ተወስደው የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስ ላቦራቶሪ ውስጥ ተመረመሩ። ከናሙናዎቹ ከፍተኛው በሊትር 13,200 ማይክሮግራም ነበር። ለንጽጽር ያህል፣ አንድ ፈሳሽ በእርሳስ የተነሣ አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ የሚመደበው 5,000 ሲደርስ ነው።

በነገራችን ላይ በውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ጣዕምም ሽታም የለውም። በዚህ ረገድ ከእኛው የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ጋር ይመሳሰላል። በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዙሪያ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸውና ጥርሳቸው ተጎድቶ እስኪታይ ድረስ ውሃው ጥርት ያለ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው የመጠን መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ይህን ቁጥር ማንም ሰው በምላሱ አይለየውም። እንዲህ ባለው ውሃ ላይ ሕዝቡ ራሱን የሚጠብቅበት ስሜት የለውም። የሚጠብቀው የለካው ሰው ነው፤ የለካው ሰው ካሳሳተው ወይም ዝም ካለው የሚጠብቀው የለም።

ወደ ማስታወሻው ልመለስ። አቶ ዴል ቶራል በጁን 24 የጻፉት ማስታወሻ ሦስት ነገሮችን ያቀርባል። አንደኛው የዝገት መከላከያው መቋረጥ ነው። ሁለተኛው ነዋሪዎች ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ውሃውን ለደቂቃዎች ከፍተው እንዲያፈስሱት መታዘዛቸው ነው፤ እንዲህ ሲደረግ በቧንቧው የተከማቸው እርሳስ አስቀድሞ ይታጠብና የሚለካው ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ሦስተኛው የዚያ ቤት ውጤት ነው። አጻጻፉ ደረቅ ነው፤ ቁጣ የለበትም፤ ማንንም አይከስስም። ማስታወሻውን የላኩት ለኃላፊያቸው ነው፤ ግልባጩ ለሚመለከታቸው ባለሙያዎች ደርሷል። አንድ ግልባጭ ደግሞ ለወይዘሮ ዋልተርስ ሰጡ፤ እርሳቸውም ለአንድ ጋዜጠኛ ሰጡት፤ በጁላይም ታተመ።

ምላሹ ምን ነበር? የኤጀንሲው የቀጣና ኃላፊ ለከተማው ከንቲባ ጽሑፉ ገና ረቂቅ እንደሆነና ከመሥሪያ ቤቱ መውጣት እንዳልነበረበት ገለጹ። የግዛቱ መምሪያ ቃል አቀባይ በበኩላቸው በሬዲዮ ቀርበው ስለ እርሳስ የሚሰጋ ሰው ሁሉ ልቡን እንዲያሳርፍ ተናገሩ፤ ጸሐፊውንም ከሥርዓት እንዳፈነገጠ ሠራተኛ ቆጠሯቸው።

የባለሥልጣናቱን መከራከሪያ ቀልለን ማለፍ የለብንም፤ በእናንተም መሥሪያ ቤት ይቀርባልና። ሪፖርቱ ጊዜያዊ ነው፤ የአንድ ቤት ውጤት መቶ ሺህ ሕዝብ ያላትን ከተማ አይወክልም፤ ያልተረጋገጠ መረጃ ሽብር ይነዛል ተባለ። የአንድ ቤት ውጤት ከተማን እንደማይወክል እኔም በስታቲስቲክስ ክፍሌ አስተምራለሁ። ነገር ግን ማስታወሻውን ልብ ብላችሁ አንብቡ፤ ክርክሩ በዚያ ቤት ላይ የቆመ አይደለም። የዝገት መከላከያ አለመኖሩን ያመነው ራሱ መምሪያው ነው፤ በጽሑፍም አስፍሮታል። አፍስሳችሁ ውሰዱ የሚለው ትእዛዝም በወረቀት የታተመ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ከተማውን በሙሉ የሚመለከቱ ናቸው፤ ለመረጋገጥም አንድ ተጨማሪ ናሙና አያስፈልጋቸውም ነበር። ቤቱ የአደጋውን መጠን አሳየ እንጂ የአደጋውን መኖር ያሳዩት ሰነዶቹ ናቸው። አቶ ዴል ቶራልን ከተራ ጯሂ የሚለያቸውም ይህ ነው።

በሌላ በኩል ከተማውን ይወክላል የተባለው ይፋዊ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ ተመልከቱ። በ2015 የመጀመሪያ አጋማሽ 71 ናሙናዎች ተሰበሰቡ። ደንቡ የሚለው ከናሙናዎቹ ዘጠና በመቶው ከ15 ማይክሮግራም በታች ወይም እኩል ይሁን ነው። በ71ዱ ሲሰላ ከተማዋ ከወሰኑ በላይ ነበረች። ከዚያ ሁለት ናሙናዎች መስፈርት አያሟሉም ተብለው ወጡ፤ አንደኛው የወይዘሮ ዋልተርስ ባለ 104ቱ ነው። በቀሩት 69 ሲሰላ ቁጥሩ 11 ሆነ፤ ከተማዋም ደንቡን አሟልታለች ተባለ። የዋልተርስ ናሙና የተሰረዘበት ምክንያት ቤቱ ማጣሪያ አለው የሚል ነበር። ማጣሪያ እርሳስን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ከዚህ በኋላ ያለው በሰፊው ስለሚታወቅ በአጭሩ አልፈዋለሁ። የፕሮፌሰር ኤድዋርድስ ቡድን ከነዋሪዎች ጋር በመሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ውሃ መረመረ። በሴፕቴምበር 24 የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሞና ሐና አቲሻ በደማቸው ከፍ ያለ እርሳስ የተገኘባቸው የፍሊንት ሕፃናት ድርሻ ከ2.1 በመቶ ወደ 4.0 በመቶ ከፍ ማለቱን ይፋ አደረጉ። በኦክቶበር 16 ከተማዋ ወደ ዴትሮይት ውሃ ተመለሰች። በዚያው ዘመን በአካባቢው በተነሣው የሌጅዮኔርስ ሕመም ቢያንስ 12 ሰዎች ሞተዋል። ለሕፃን ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም አይመለስም።

የፌዴራሉ ኤጀንሲ አስቸኳይ ትእዛዝ ያወጣው ጃንዋሪ 21 ቀን 2016 ነው። የዚያው ኤጀንሲ ዋና ኢንስፔክተር በኦክቶበር 2016 ባወጣው ሪፖርት ቀጣናው ትእዛዙን ለማውጣት የሚያበቃ ሥልጣንና መረጃ ከጁን 2015 ጀምሮ ነበረው አለ። በጁንና በጃንዋሪ መካከል ሰባት ወር አለ። የሠራተኛው ማስታወሻ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሳለ መሥሪያ ቤቱ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ እንዴት እናክብረው? በእኛ ዘንድ ልማዱ የታወቀ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ካባ ይደረብለታል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፣ በሥራው ላይ ግን ማስታወሻው ሳይመለስለት ኖሯል። እኔ ክብርን የምለካው በሌላ ሚዛን ነው፤ ዝቅ ባለ ወንበር ላይ ያለ ባለሙያ የጻፈው ማስጠንቀቂያ በስንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያገኛል? መልሱ የሚሰጠው ለይዘቱ ነው ወይስ ለጸሐፊው ደረጃ? በፍሊንት ጉዳይ ክርክሩ ለሳምንታት የዞረው ማስታወሻው እንዴት ወጣ በሚለው ላይ ነበር።

ማስታወሻውን ለነዋሪዋ መስጠታቸው ተገቢ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ አውቃለሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የእርሳቸው ቤት ውሃ ነው፤ የጠጡት የእርሳቸው ልጆች ናቸው። በማድጋዬ ውስጥ ያለው መርዝ ለእኔ ምስጢር ሊሆንብኝ አይችልም። አቶ ዴል ቶራል ወደ ጋዜጣ አልሮጡም፤ በመስመራቸው ለኃላፊያቸው ጻፉ፣ ለባለቤቷም የራሷን ነገሩ። እኔ ይህን ግዴታን መፈጸም እንጂ ግዴታን መጣስ አልለውም።

ማስታወሻው በመጨረሻ መልስ ያገኘው በደንብ መልክ ነው። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2016 ኤጀንሲው ባወጣው ማብራሪያ ናሙና ከመውሰድ በፊት ውሃን ማፍሰስ፣ የመክፈቻውን ወንፊት መፍታትና ውሃው በቀስታ እንዲወርድ የሚያስገድድ አፈ ጠባብ ጠርሙስ መጠቀም እንዲቀር አሳሰበ። በ2021 የተሻሻለው ደንብ የእርሳስ መግቢያ ቧንቧ ባላቸው ቤቶች አምስተኛው ሊትር እንዲለካ አዘዘ፤ በዚህ ነጥብ ከማስረጃነት ከቀረቡት ጥናቶች አንዱ የቺካጎው ጥናት ነው። በኦክቶበር 2024 የወጣው ደንብ ደግሞ የእርምጃ መጠኑን ከ15 ወደ 10 ዝቅ አድርጎ፣ ከጥቂት በስተቀር የእርሳስ ቧንቧዎች ሁሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ተቆፍረው እንዲወጡ ወሰነ። በደንቡ ውስጥ አምስተኛው ሊትር በሚለው ሐረግ አጠገብ የማንም ስም አልተጻፈም፤ ናሙና የሚወስደው ወጣት ቴክኒሻንም ለምን አምስተኛው እንደሆነ ላያውቅ ይችላል።

ፍሊንት በፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ቁፋሮዋን በ2025 አጠናቅቃለች፤ ወደ 11,000 የሚጠጉ የእርሳስ ቧንቧዎች ተተክተዋል። የአቶ ዴል ቶራል መሥሪያ ቤት የሚገኝባት፣ እርሳቸውም ሊትሮቹን አንድ በአንድ የቆጠሩባት ቺካጎ ግን እስከ 1986ቱ ክልከላ ድረስ የእርሳስ ቧንቧን በራሷ የግንባታ ደንብ ስታስገድድ የኖረች ከተማ ናት። ወደ 400,000 ገደማ የእርሳስ መግቢያ ቧንቧዎች እንዳሏት ይገመታል፤ ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ትበልጣለች፤ አብዛኞቹም ዛሬ ከመሬት በታች ናቸው።